የእትዬ ውድነሽ ጉርሻ

ዓባይ ማዶ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ የጀመርሁ ዕለት፣ ኃላፊያችን ሲስተር መጀመሪያ ያስተማረችኝ እጅ መታጠብ ነው። «እሱንማ አውቃለሁ» አልኋት። «የሚያውቅ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚታጠብ ነው» አለችና ሳሙናውን አቀበለችኝ።

እትዬ ውድነሽን ያወቅሁት በምሳ ሰዓት ነው። ጡረታ እስኪወጡ የፋብሪካ ክበብ ወጥ ሠሪ ነበሩ። ሰው ሳያጎርሱ አይበሉም፤ በተለይ ዓይነ ስውሩን የቅኔ መምህር፣ የኔታን። «ይክፈቱ» ሲሏቸው የኔታ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሌላ ሰው ቢለምናቸው መልሳቸው «ጠግቤያለሁ» ነው።

ሥራውን ከለመድሁት በኋላ የሆድ ቫይረስ መጦሪያው ውስጥ ገባ። ጠዋት በአንድ ክፍል ማስመለስ ጀመረ፤ እስከ ማታ ተቅማጡ ግቢውን አዳረሰው። ትውከቱን በበረኪና በተነከረ ጨርቅ ሸፍነን፣ ትንሽ ቆይተን፣ ከዳር ወደ መሃል እንጠርጋለን። አንሶላውን በፈላ ውሃ እናጥባለን። ወገቤ ተቆረጠ።

ሲስተር እጁን አልኮል ብቻ ተቀብቶ የሚሄደውን ሁሉ ተቆጣች። «ይሄኛው በአልኮል አይበገርም፤ በሳሙና ታጠቡ» ትላለች። ጉርሻንም ከለከለች። እትዬ ውድነሽ ተቀየሟት። በማግስቱ እሳቸውም ታመው ለብቻቸው ተኙ።

የኔታንም ይዟቸው ነበር። ትውከቱ ቢቆምላቸውም ጨውና ስኳር ያለበትን የኦ አር ኤስ ውሃ አልቀምስም አሉ። ከንፈራቸው ደረቀ፣ ሽንታቸው ጠፋ። ሲስተር ወደ ጎን ስባኝ፣ «አሁን ካልጠጡ ሆስፒታል ነው፤ መንገዱን መቻላቸውን እንጃ» አለችኝ። ፈራሁ። እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው።

ሄጄ በር ላይ ቆሜ ለእትዬ ውድነሽ ነገርኋቸው።

«እጄን ከለከላችሁ እንጂ አፌን ማን ከለከለው? በሩን ክፈችልኝ» አሉ።

ክፍሎቹ በበረንዳው ማዶ ለማዶ ነበሩ። የሁለቱንም በር ከፈትሁ። እትዬ ውድነሽ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ተጣሩ፦ «የኔታ፣ ይክፈቱ። ለመሞትም እኮ ጉልበት ያስፈልጋል።»

የኔታ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ኦ አር ኤሱን በማንኪያ ጠብ አደረግሁላቸው።

«ውድነሽ፣ ዛሬስ ወጥሽ ጨው በዝቶበታል» አሉ የኔታ።

«የእኔ አይደለም፤ የሲስተር ነው። ዝም ብለው ይዋጡት።»

ማንኪያ በማንኪያ ኩባያውን ጨረሱት። በረንዳው ላይ የቆመችው ሲስተር ፊቷን አዙራ ሳቀች፤ እኔ አለቀስሁ።

ሁለቱም ዳኑ። ዛሬ አዲስ ተንከባካቢ ሳሠለጥን ስለ ሳሙናውና ስለ በረኪናው ተናግሬ ስጨርስ አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ በሽተኛውን ለብቻ አስተኙት፤ የሚያምነው ሰው ድምፅ ግን ይድረሰው።