ቁጥሩ የተሞረደ ካርድ

የቁልፍ ሠሪው ሱቅ አንድ ሰው ሲቆምባት የምትሞላ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ገና ያልተቀረጹ ቁልፎች በመደዳ ተሰቅለዋል። ሞረዶቹ በአንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። የብረት ብናኙ ግን የትም ነው፤ ሻይ የሚጠጣበት ብርጭቆ ላይ ሳይቀር። እኔ ከመንገዱ ማዶ አሮጌ መጻሕፍት እጠርዛለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ስንተያይ ኖረናል። ስለዚህ የምጽፈው አብዛኛውን ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ከራሱና ከጎረቤቱ ከልብስ ተኳሿ አፍ ሰምቻለሁ።

ሰፈሩ «ጋሽ በሩን አሳየኝ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በከንቱ አይደለም። ሥራ በጀመረ በዓመቱ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ቁልፍ አስቀርጾ፣ አመስግኖ ሄደ። በሦስተኛው ቀን የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ባዶውን ተገኘ፤ ሌባው የገባውም በዚያው ቁልፍ ነበር። ቁልፍ ሠሪው ሁለት ቀን ታስሮ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ማንም ይምጣ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን አንግቶ «በሩን አሳየኝ» ይላል። ደንበኛው በዋናው ቁልፍ በሩን ሲከፍት ቆሞ ያያል። የግቢው ውሻ በደንበኛው ላይ ከጮኸ፣ ሳይሰናበት ተመልሶ ይመጣል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ልብስ ተኳሿ ካውያዋን አቁማ ወደ እሱ ዘንድ ገባች። ሱቋ ከሱቁ ጋር ግድግዳ ይጋራል።

«ጋሼ፣ የአንተ ካርድ ውጭ አገር ይከፍላል አይደል?»

«ማን ነገረሽ?»

«ታዲያ ቁልፎቹን የምታስመጣው በምንድን ነው፣ በጸሎት?»

«ምን ልትገዢ ነው?»

«የአውሮፕላን ትኬት። ለእናቴ።»

የእናቷን ዓይን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንደኛው ከጠፋ ቆይቷል፤ ሁለተኛው እየጠፋ ነበር። በጎረቤት አገር ያለ አንድ ሆስፒታል ለሐሙስ ቀጥሯታል። ሐሙስ ካለፈ ቀጣዩ ቀጠሮ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ ሐኪሙም ዓይኗ ስምንት ወር እንደማይቆይ ተናግሯል። ወደዚያ የሚበረው አየር መንገድ በከተማው ቢሮ የለውም፤ ትኬት የሚሸጠው በኢንተርኔት ብቻ ነው። የእሷ ካርድ ደግሞ ከአገር ውጭ አይሠራም። ገንዘቡን በፖስታ አድርጋ ይዛለች።

ቁልፍ ሠሪው ፖስታውን አልነካውም።

«ፓስፖርቷን አምጪ» አላት።

አመጣች። መነጽሩን አድርጎ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ አነበበ። ከዚያ ቀና አለ።

«አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሴት ልጅ ዕድሜዋን ትጠየቃለች?»

«በእኔ ካርድ ከሆነ ትጠየቃለች።»

«አርባ ሰባት።»

«እናትሽ እዚህ ላይ ኀምሳ ስምንት ናቸው። በአሥራ አንድ ዓመታቸው ነው የወለዱሽ?»

ተኳሿ ፓስፖርቱን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። እሱ ቀጠለ።

«ደግሞ የአባታቸው ስም የአንቺ አባት ስም ነው። ንግድ ፈቃድሽ ላይ በየቀኑ አየዋለሁ። የአያታቸውም ስም የአያትሽ ስም ነው። እናትሽ የአባትሽ ልጅ ናቸው እንዴ?»

«ጋሼ፣ እሱ ረጅም ነገር ነው...»

«ረጅም ነገር አልወድም» አለና ፓስፖርቱን ዘግቶ መለሰላት። «ስንቱ ነው በሰው ካርድ ሰው እያሻገረ ባለካርዱን ለፖሊስ የሚተወው! እኔ አንድ ጊዜ ታስሬያለሁ፤ ይበቃኛል።»

ተኳሿ ፓስፖርቱን ይዛ ወጣች። ሱቋ ገብታ ካውያውን አንድ ሸሚዝ ላይ ስትጭነው እንፋሎቱ እስከ መንገዱ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ቁልፍ ሠሪው ወደ እኔ ተሻገረ። አልተቀመጠም፤ የምጠርዘውን መጽሐፍ አንስቶ አገላብጦ አስቀመጠው።

«አጠፋሁ?» አለኝ።

«በሩን አየኸው?» አልኩት።

«የምን በር?»

«የሴትዮዋን። ፓስፖርት እኮ ቁልፍ ነው። አንተ ደግሞ በሩን ሳታይ ፈርደህ አታውቅም።»

አፈጠጠብኝ። ከዚያ ሄዶ ሱቁን ዘጋ፤ ከልማድ የተነሣ ይመስለኛል፣ የመሣሪያ ቦርሳውንም አነገተ። ተኳሿ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ ሳይነጋገሩ ቁልቁል ሲወርዱ አየኋቸው።

የሴትዮዋ ቤት ሁለት ክፍል ነው። ሴትዮዋ መስኮት ሥር ተቀምጣ የወላለቁ ቁልፎችን በጣቶቿ እየዳሰሰች ሸሚዝ ላይ ትሰፋ ነበር፤ ደንበኞች ተኳሿ ዘንድ የሚያመጧቸው ሸሚዞች ናቸው።

«እማዬ፣ ሰው ይዤ መጥቻለሁ» አለች ተኳሿ።

«ወንድ ነው። ብረት ብረት ይሸታል» አለች ሴትዮዋ። «ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ቁልፍ ሠሪው አልተቀመጠም። ቀስ ብሎ ተጠግቶ እጁን በዓይኗ ፊት አንቀሳቀሰ።

«እጅዎን ያውርዱት ወንድሜ» አለችው። «ጥላው ይታየኛል።»

ይህን ሲነግረኝ ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነበር። ያን ጊዜ ግን ሳይቀመጥ ጠየቃት፤ የዕድሜውን ነገርም፣ የአባትየውን ስምም። ሴትዮዋ መርፌውን ሸሚዙ ላይ ሰክታ ሳቀች።

«እናታችን በወለደቻት በአርባ ቀኗ ሞተች። አባታችን ሥራ ፍለጋ እንደወጣ ቀረ። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። በጀርባዬ አዝያት ነው ልብስ አጣቢ የሆንኩት። አፏን ስትፈታ መጀመሪያ ያለችው ‹እማዬ› ነው፤ ያለችውም እኔን ነው። ምን ብዬ ላርማት? ልጅ እኮ እማዬ የምትለው ሰው ያስፈልጋታል።»

«ለምን እህቴ ናት ብለሽ አልነገርሽኝም?» አለ ወደ ተኳሿ ዞሮ።

«እህቴ ብያት ስለማላውቅ» አለች። «ከአፌ አይወጣም ጋሼ።»

በዚያው ቀን ከሰዓት ፖስታውን ተቀብሎ በካርዱ ከፈለ። የካርዱን ቁጥር በስልኩ ላይ ጻፈ፤ ከጀርባው ያሉትን ሦስት ቁጥሮች ጨመረ፤ በመልእክት የመጣለትን ኮድ አስገባ። የረቡዕ ትኬት ተቆረጠ። ተኳሿ እልል ልትል ስትል «ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል» አላት።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለቀ ብዬ ነበር። አላለቀም። ሰውዬው ሌላ ነገር ገብቶት ኖሮ እንቅልፍ አጣ። ካርዱ ከእጁ ሳይወጣ፣ የትም ሳይገባ፣ ቁጥሩ ብቻ ታውቆ ገንዘብ ወጣ! ዕድሜውን ሙሉ ከቁልፍ ጋር የኖረ ሰው፣ ቁልፉን በማየት ብቻ የሚከፈት በር አይቶ አያውቅም። ማክሰኞ ጠዋት ሱቁን እንደከፈተ ካርዱን ብረት በሚይዝበት ማሰሪያ ላይ አጥብቆ፣ ቀጭኑን ሞረድ መርጦ፣ የፊቱንም የኋላውንም ቁጥር ሞርዶ አጠፋው። ስሙንና ማሽን የሚያነባትን ያቺን ትንሽ ወርቃማ ሳህን ብቻ ተወ። ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ትኬቱን አሳትሞ አመጣልኝ። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ነው። እኔ ትምህርት ቤት የቆየሁት ጥቂት ቢሆንም፣ ከመዝገበ ቃላት ጋር ታግዬ ማንበብ ተምሬያለሁ። ከታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ሳነብ ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

«ትኬቱ በሌላ ሰው ካርድ የተገዛ እንደሆነ፣ ባለካርዱ የከፈለበትን ካርድ ይዞ መቅረብ አለበት ይላል። ካልቀረበ ተጓዧ አትሳፈርም።»

«ካርዱን?» አለ። ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። እንደ ተላሰ ማንኪያ ያብለጨልጫል።

«ባንክ ሄደህ አዲስ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። አዲስ ካርድ አዲስ ቁጥር ነው የሚኖረው።

ለተኳሿ አልነገርናትም። ያን ማታ በጸሎቴ ያንን ካርድ አስታወስኩት፤ ለካርድ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቡዕ አየር ማረፊያው ላይ የቆመችው ሠራተኛ ካርዱን ተቀብላ ገለበጠችው። እንደገና ገለበጠችው።

«ቁጥሩ የታለ?»

«ሞርጄዋለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

«በሞረድ። ሰው እንዳያይብኝ።»

ሠራተኛዋ ካርዱን ከጠረጴዛው ላይ ወደ ራሷ ሳበችው። «ተጓዧ ምንዎ ናቸው?»

«ምኔም አይደሉም።»

ተኳሿ ከኋላው ቆነጠጠችውና ተሻምታ «እናቴ ናት!» አለች።

ሠራተኛዋ መታወቂያዋን ጠይቃ ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየች። «በአሥራ አንድ ዓመታቸው?»

«እህቴም ናት።»

«ወይ እናት ወይ እህት በይ እንጂ!»

«ሁለቱም እውነት ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው። «ቤታቸው ድረስ ሄጄ አይቻለሁ።»

«እኔ አላየሁም፣ አባት። ካርዱ የእርስዎ መሆኑን ሳላይ አላሳፍርም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከኋላ የቆመው ሰልፍ ያጉረመርም ጀመር። ሴትዮዋ በአንድ እጇ ትንሿን ጓዟን፣ በሌላው የተኳሿን ክንድ ይዛ ድምፅ ወደመጣበት ፊቷን ታዞራለች። «ቀረሁ እንዴ ልጄ?» አለች ቀስ ብላ።

ቁልፍ ሠሪው አልተቆጣም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ሠራተኛዋ ስትናገር የሰማው የራሱን ድምፅ ነው።

«ልክ ነሽ ልጄ» አላት። «እኔ ቁልፍ ሠሪ ነኝ፤ በሩን ሳላይ ቁልፍ አልቀርጽም። ታስሬበታለሁ። አንቺ ማየት የምትችይበት መንገድ ካለ ንገሪኝ፤ የፈለግሽውን አሳይሻለሁ።»

ሠራተኛዋ ፈራ ተባ አለች። ከዚያ በአገጯ ወደ ዳር አመለከተችው። «እዚያ መስኮት የሻንጣ ክፍያ ይቀበላሉ። ካርዱ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ፣ የሚስጥር ቁጥሩን ራስዎ አስገብተው ከከፈሉ፣ ደረሰኙ ላይ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ይወጣሉ። በእኛ መዝገብ ካሉት ጋር ከገጠሙ ያልፋሉ።»

«ሻንጣ እኮ የላቸውም።»

«እንግዲህ አንድ ይኑራቸው፣ አባት።»

ለሌለ ሻንጣ ከፈለ። የሚስጥር ቁጥሩን ሲያስገባ ባርኔጣውን አውልቆ ማሽኑ ላይ ደፋው፤ ገንዘብ ተቀባዩ ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። ሞረዱ ወርቃማዋን ሳህን አልነካትም ነበርና ማሽኑ ካርዱን ተቀበለ። ደረሰኙ ወጣ። አራቱ ቁጥሮች ገጠሙ።

ሠራተኛዋ ካርዱን በሁለት እጇ መለሰችለት። «ከእንግዲህ አይሞርዱ» አለችው።

ሴትዮዋ ከመግባቷ በፊት እጇን ወደ እሱ ዘረጋች፤ ግን አቅጣጫውን ስታ የሌላ መንገደኛ ትከሻ ነካች። እሱ ተጠግቶ እጇን ያዘ። ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም።

አንዲቱ ዓይን ተረፈች። ተመስገን። ሴትዮዋ ስትመለስ ከተኳሿ ጋር ለመኖር ወሰነች፤ እስከዚያ ድረስ ለየብቻ ነበር የሚኖሩት። ተኳሿ የቤቷን ቁልፍ ይዛ መጣች።

«ለእማዬ አንድ ቅረጽልኝ።»

ቁልፍ ሠሪው ሱቁን መዝጋት ጀመረ።

«ጋሼ! አሁንም አታምነኝም?»

«አንቺን አምናለሁ። በርሽን ነው የማላምነው» አለና ቦርሳውን አነገተ።

በሩን ከውስጥ የከፈተችው ሴትዮዋ ናት። ደፉ ላይ ቆማ ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ብረት የምትሸተው አንተ ነህ?» አለችው። «ድምፅህን ሰምቼ እኮ ግዙፍ ሰው መስለኸኝ ነበር።»

እሱ ጎንበስ ብሎ መቆለፊያውን መመርመር ጀመረ። «ላልቷል» አለ። «ይኼ መቀየር አለበት።»