ሰባት ተምር በልቼ ደም የሰጠሁ ዕለት

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ክንዴን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ደሜን የምትቀዳው ሐበሻ ናት፣ ሰሚራ ትባላለች። በማስኩ ምክንያት ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየኝ... ዓይን ብቻ ደግሞ አይታመንም።

«እትዬ፣ እንደነገርኩዎት ምንም አልቀመሱም አይደል?»

«ኧረ ምንም!» አልኳት። ወላሂ ማለቱን ግን ፈራሁ... ሆዴ ውስጥ ሰባት ተምር ነበረ፣ በላዩ ላይ ስኳር የበዛበት ሻይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ሪያድ፣ ዑረይጃ ሰፈር የምሠራበት ቤት የመዳሜ እናት አሉ፣ ማማ ነው የምላቸው፣ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ለክትትል ሆስፒታል ስወስዳቸው ነው ሰሚራ ያገኘችኝ። ጥናት ላይ ነን አለች። ሰውነት ኢንሱሊን ሲሠራ አብሮት የሚወጣ ፔፕታይድ የሚባል ነገር አለ አሉ። ጤነኛ ቀይ የደም ሴል ያ ነገር ሲደርሰው ይነቃና የደም ሥርን የሚያሰፋ ነገር ይለቃል። ስኳር ያለበት ሰው ሴል ግን ይደርቃል፣ ቢጠሩት እንኳ እምብዛም አይሰማም።

«ለማነጻጸር ስኳር የሌለበት ሰው ደም እንፈልጋለን። ፈቃድዎ ከሆነ ብቻ ነው። ስምዎም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ» አለችኝ።

እኔ ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ስኖር ደሜን የፈለገው የኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ምርመራ ብቻ ነው። ኢቃማዬ ሊታደስ ደግሞ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል... ታዲያ አሁን ምን ሊያገኙብኝ ነው? በሽታ ተገኘባት ተብዬ ብባረርስ? ልጄ ገና ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቷ ነው። እኔ ከዚህ ከወጣሁ እሷም ከዚያ ወጣች ማለት ነው። እንቢ እንዳልል ደግሞ «ምን የምትደብቀው አላት?» ይሉኛል። እሺ አልኩ።

«ባዶ ሆድዎን ይምጡ» ስትለኝ ግን ኸላስ፣ ጥርጣሬዬ ለየለት! ደም የሚሰጥ ሰው መተኪያውን በልቶ ነው እንጂ እንዴት ባዶ ሆዱን ይሄዳል? አዳክመው ብዙ ሊወስዱ ነው አልኩ። ማክሰኞ ጠዋት ለእንግዳ ከሚቀርበው ሳህን ሰባቷን ተምር አነሳሁ።

ሐሙስ ስልኬ ጮኸ።

«እትዬ፣ ዛሬ ብቅ ይበሉ። ብቻዎን ቢሆን ይሻላል።»

ብቻዎን! ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አቧራውን ጠረግኩ። ከዚያ የማማን መድኃኒት ላምጣ ብዬ ከሾፌሩ ጋር ወጣሁ።

ሰሚራ አስገብታኝ በሩን ዘጋችው።

«የማክሰኞው ስኳርዎ ከማማ አይተናነስም» አለችኝ።

«በይ ጨርሺው እህቴ። ለማን ለማን ነገርሽ? ለመዳም? ለኢቃማዎቹ?»

«ኧረ ለማንም! ግን ግራ ገባኝ። ሴሎችዎ ፔፕታይዱ ሲደርሳቸው እንደ ጎረምሳ ብድግ አሉ። የስኳር ሕመምተኛ ሴል እንዲህ አያደርግም። ደግሞ ሴሉ ላይ የተጣበቀውን ስኳር ለካሁት፣ እሱ የሁለት የሦስት ወሩን ነው የሚናገረው... ምንም የለብዎትም!»

ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችና ትክ ብላ አየችኝ።

«እትዬ... እውነቱን ይንገሩኝ። ያን ቀን ምን በልተው መጡ?»

ጣሪያውን አየሁ። ሌላ መውጫ የለም።

«ሰባት ተምር።»

«ሰባት?!»

«ሻይም ነበረበት። ደሜን ልትወስጂ አይደል እንዴ... መተኪያ ብዬ ነዋ!»

ልጅቷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድላት ምን አለችኝ መሰላችሁ?

«እኔኮ ሁለት ቀን ጨንቆኝ ነው የከረምኩት። ክፉ ዜና ልነግርዎ ነው ብዬ። በሩንም የዘጋሁት ቢያለቅሱ ሰው እንዳያይዎት ነው።»

ያኔ በደስታ ይሁን በሐፍረት እንጃ፣ እኔው አለቀስኩ። አቅፌያት አልለቃት አልኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ እንደገና ልሰጥ ቃል ገብቻለሁ፣ ኢንሻአላህ ባዶ ሆዴን። ሻንጣውም ወደ አልጋው ሥር ተመልሷል።

ሪያድን በሙሉ ስጠረጥር ሰንብቼ... ለካ የዋሸሁት እኔ፣ እውነቱን የተናገረው ደሜ!