ጉርሻ የበዛበት ሙክት

«ዓይን ነው አልኩሽ! ትናንት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ‹ይሄማ ወይፈን ነው› ያለው ማነው?»

«ዓይን ቢሆን ያንተ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አፍጥጠህ የምታየው አንተ!» አለች እናቴ።

አባቴና እናቴ የሚጨቃጨቁት ጉረኖው ውስጥ፣ ለአረፋ በምናደልበው ሙክት ራስ ላይ ነበር። በጉ ግርግሙን ዞር ብሎ አላየም። ቆሞ ያለከልካል፤ ትንሽ ሲራመድ ጎኑ እንደ ወናፍ ይነሳል፣ ይወድቃል። የታመመ በግ ደግሞ ለአረፋ አይታረድም። አባቴ ዘንድሮ ከገበያ እንደማይገዛ፣ በእጁ ያደለበውን እንደሚያርድ ለመርሳ ከተማ ሰው ሁሉ ተናግሯል።

የጠራናት የእንስሳት ሐኪም ደረቱን አዳምጣ ቀና አለች። «ምን ትመግቡታላችሁ?»

«የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ፤ ጧት አንድ ጣሳ፣ ከድርቆሽ ጋር» አለ አባቴ።

«የጥጥ ፍሬ መርዝ አለበት፣ አባት። በልክ ሲሰጥ ያደልባል፤ ሲበዛ ግን እየተጠራቀመ ልብ ይጎዳል። አንዷ ጣሳ ብቻዋን እንዲህ አታደርገውም።»

ጆንያውን አየሁት። እስከ አረፋ ይበቃል የተባለው ፋጉሎ ከግማሽ በታች ወርዷል። ከዚያ የአባቴን ኮት አየሁ፤ ኪሱ አፍ ላይ ቡናማ ብናኝ ተጣብቋል።

«አባዬ፣ ኪስህ ውስጥ ምንድን ነው?»

«ከመስጊድ ስመለስ አንዲት ጭብጥ ናት! እያየኝ ዝም ብዬ ልለፈው?»

«ሱብሃነላህ! ገዳዩ እዚሁ ነው!» አለች እናቴ።

እህቴ ሳቀች። «አንቺስ፣ እማ፣ ውሃው ላይ ፋጉሎ በትነሽ ስታጠጪው?»

«ያቺማ ማጣፈጫ ናት!»

በእኛ ሰፈር ሙክት እንደ እንግዳ ነው፤ በአጠገቡ ያለፈ ሳያጎርሰው አይሄድም። እህቴም ታጎርሰው ነበር። እኔም ግጥም ስጽፍ ስንኝ እምቢ ሲለኝ የምሄደው ወደ እሱ ነው፤ ባዶ እጄን ግን ሄጄ አላውቅም።

ሐኪሟ ሁላችንንም በየተራ አየችን። «ፋጉሎው ይቁም። ድርቆሽና ውሃ ብቻ ስጡት፤ እንዳታሯሩጡት። ይተርፋል ብዬ ግን አልምልላችሁም።»

ጆንያው ወጣ። በጉ ለብዙ ቀን እንደፈዘዘ ከረመ። አረፋ ሲቃረብ አንድ ጧት የጉረኖውን በር በቀንዱ ሲደልቅ ሰማንና ሮጠን ሄድን። ትንፋሹ ረግቷል፤ ግርግሙም ባዶ ሆኗል።

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቴ። እጁ ወደ ኪሱ ገባ።

«አውጣ!» አለች እናቴ።

«ፋጉሎ አይደለም፣ ወላሂ!»

«እንግዲያስ አሳየኝ።»

አንድ ጭብጥ ድርቆሽ አወጣ። «ይሄም ተከለከለ?»

እናቴ ሳቋን ለመደበቅ ፊቷን ብታዞርም ትከሻዋ አጋለጣት። «አጉርሰውና ውጣልኝ!»

አጎረሰው። ግንባሩን አሻሸው። ከዚያ ባዶ ኪሱን ወደ ውጭ ገልብጦ እያሳያት ወጣና የቆርቆሮውን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው።