ሳንቀመጥ የጨረስነው ሽምግልና

ይህ የሆነው ባለፈው ጥቅምት ነው። ትዝ የሚለኝ አንድ ቡናማ ሱሪዬን በለበስኩ ቁጥር ነው። ያሉኝ ሱሪዎች ጥቂት ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ትዝ ይለኛል ማለት ነው።

ግጥም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፤ ይህንንም ግጥሞቼን ያነበበ ሁሉ ሳልነግረው ያውቀዋል። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ ነው። ክረምቱን ሙሉ ጉም የጦሳን ተራራ ሲውጠውና ሲተፋው ከመስኮቴ እያየሁ፣ የአንድ ሳምንት የመኪና ጉዞ ሳቅድ ከረምኩ። የጉዞውን ስም «ሰባት ተራራ፣ ሁለት ደሴት» አልኩት። ተራሮቹን በስም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው ደሴት ሐይቅ እስጢፋኖስ ነው። ሁለተኛው የት እንዳለ አላውቅም፤ ያለሱ ስሙ ዜማ ስለጎደለው ነው ያስገባሁት።

መኪና የለኝም፣ መንዳትም አልችልም። ያለኝ ሰይድ ነው። ሰይድ ኮምቦልቻ የሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ አጎቱ ጋሽ ይማም አሮጌ ፒካፕ አላቸው። መኪናዋን ሲጠይቃቸው «ካለኔ አትወጣም» አሉት። ስለዚህ ለዋናው ጉዞ መሞከሪያ እንዲሆነን፣ አንድ ቅዳሜ ሦስታችን ወደ ሐይቅና ወደ ቢስቲማ አቅጣጫ ልንሄድ ተስማማን። የምንቆምባቸውን ቦታዎች የምመርጠው እኔ ነበርኩ።

በጠዋት የሐረጎን ዳገት ወጥተው ከቤቴ ወሰዱኝ። ጋሽ ይማም ነጭ ጺማቸውን አበጥረው፣ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ተቀምጠዋል።

«አንተ ገጣሚ፣ ደሴቱ የታለ?» አሉኝ ገና ከመግባቴ።

«እስጢፋኖስ ነዋ፣ ጋሽ ይማም።»

«እሱማ ደሴት የነበረው ድሮ ነው። አሁን በእግርህ ነው የምትገባው።»

ሰይድ መሪውን ይዞ ሳቀ። ከሁለቱ ደሴቶቼ አንዱም ሳይተርፈኝ ጉዞው ተጀመረ።

ሐይቅን አልፈን ወደ ቢስቲማ የሚወስደውን ዳገት እንደያዝን መኪናዋን አስቆምኩ። ከመንገዱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ እንደሚታይ እርግጠኛ ነበርኩ። ለመውጣት የእሾህ አጥር መሻገር ነበረብኝ። እኔ ተሻገርኩ፤ ሱሪዬ ግን እሾሁ ላይ ቀረት ብሎ ከኋላ ከወገብ እስከ ጭን ተተረተረ። ጉብታው ላይ ስደርስ የታየኝ ሌላ ጉብታ ነው።

ጋሽ ይማም ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ደረብኩትና እስከ ጉልበቴ አወረድኩት።

ትንሽ ከፍ ብለን ስንሄድ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት አየሁ። ከዚያ ግቢ ሐይቁ ካልታየ ከየትም አይታይም። «አስፈቅደን ትንሽ እንይ» አልኩ። ጋሽ ይማምም ወገባቸውን ይዟቸው ስለነበር መውረዱን ወደዱት። በእሳቸው በኩል ያለው በር ከውስጥ አይከፈትም። ሰይድ ዞሮ ከፈተላቸውና ክንዳቸውን ይዞ አወረዳቸው። እኔ ጋቢውን ደርቤ ከኋላ ተከተልኩ።

ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። ባለቤቱ እንድሪስ የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲጠብቁን እንደቆዩ ሁሉ በር ላይ ቆመው ነበር።

«አሰላሙ አለይኩም። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉን። ቁርበት የተነጠፈበትን አግዳሚ አሳዩን።

«ወአለይኩሙ ሰላም። አፉ ይበሉን፣ ቆመን ይሻለናል» አሉ ጋሽ ይማም፣ ወገባቸውን ደገፍ አድርገው።

«ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ።»

«አይ፣ እንቁም።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሩ። ሱሪዬን አሰብኩና «እኔም ልቁም» አልኩ። ሰይድማ አጎቱ ቆመው እሱ አይቀመጥም።

ጋሽ እንድሪስ ደስ ያላቸው መሰለኝ። ወዲያው ወደ ጎረቤት ሰው ላኩ፤ ጎረቤቶቻቸውም እየመጡ በግድግዳው ጥግ ተቀመጡ። ከውስጥ የሴቶች ሹክሹክታ ይሰማል፤ የቅቤ ሽታ ያውዳል። ለአላፊ መንገደኛ ይህ ሁሉ አይደረግም፣ ወሎ ቢሆንም አይደረግም። ምክንያቱን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀብኝም። ግጥሞቼን ፌስቡክ ላይ እለጥፋለሁ፤ እዚህ ቤት አንባቢ አለኝ ማለት ነው አልኩ። ጋቢዬን አስተካከልኩ። ፊቴንም ትንሽ አሳዘንኩት፤ ገጣሚ እንደዚያ የሚሆን ይመስለኛል። አንድ ግጥም አሰማን ቢሉኝ የትኛውን እንደምል እየመረጥኩ ነበር።

«እኔ እንግዲህ...» ብዬ ስጀምር ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን አነሱ።

«ጉዳያችሁን አውቃለሁ። ከናንተ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መጥቶብኛል። ሁለቱም ጊዜ ተቀመጡ ስላቸው ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ልጅህን ስጠን ያሉኝም በልተው ሲጠግቡ ነው። ልጁን ጠልቼው አይደለም። የኔ ልጅ ተለምና ነው የምትሰጠው። እናንተ ግን ለምኜያችሁም አልተቀመጣችሁም።» ወደ ጎረቤቶቻቸው ዞሩ። «እናንተም ስሙ። ዘሀራን ሰጥቻለሁ።»

ከውስጥ እልልታ ቀለጠ።

ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይመለስለት እንደማይቀመጥ እኔም አላጣሁትም። ግን ሱሪዬ ሲቀደድ ስለ ሽምግልና የማስብበት ምክንያት አልነበረኝም። መጀመሪያ ያዘንኩት አንባቢዬን በማጣቴ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ያሳፍረኛል። ዋናው ጭንቀት የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝም ብንል የማናውቀውን ሰው ልጅ በውሸት ተቀብለን ልንሄድ ነው። ብንናገር ደግሞ ሰውየው በጎረቤቶቻቸው ፊት ያፍራሉ፤ እውነተኛው ሽማግሌ ሲመጣም በንዴት ከበር ይመልሱታል።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር...» ብለው ጀመሩ ጋሽ ይማም።

ያን ጊዜ ዘሀራ በሩ ላይ ብቅ አለች። ማን ማን በሽማግሌነት እንደሚመጣ የሚፈልጋት ልጅ ሳይነግራት አልቀረም። ዓይኗ ከጋሽ ይማም ወደ ሰይድ፣ ከሰይድ ወደ እኔ መጣ፤ ከጋቢው ሥር ወዳለው ስኒከሬ ወረደና እዚያው ቆመ። ገባት። ወደ ጋሽ ይማም አይታ «አይናገሩ» እንደማለት ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። እሳቸውም የጀመሩትን ዋጡት።

ብዙም ሳይቆይ ከታች የመኪና ክላክስ ተሰማ። ጎማ ተንፍሶባቸው የዘገዩ ሦስት ሽማግሌዎች እያለከለኩ ገቡ። ያለፉት ምን እንዳጠፉ ሳይነገራቸው አልቀረም፤ ገና ተቀመጡ ሳይባሉ ተደርድረው ቆሙ።

«ከደሴ ነው የመጣነው፣ በልጅዎ በዘሀራ ጉዳይ» አሉ አንደኛው።

ጋሽ እንድሪስ ወደ እኛ ዞሩ።

«እናንተስ?»

«መንገደኞች ነን» አሉ ጋሽ ይማም። «ወላሂ ልናታልልዎት አይደለም። እኔ ወገቤን ይዞኝ ነው የቆምኩት። ይሄ የእህቴ ልጅ ደግሞ እኔን አክብሮ ነው።»

«ይሄኛውስ?»

ስለ ሐይቁና ስለ ሰባቱ ተራሮች ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት። ዞር ብዬ ጋቢውን ከኋላ ገለጥ አደረግኩና ቀዳዳውን አሳየኋቸው።

ከጎረቤቶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። ጋሽ እንድሪስ አልሳቁም፤ ፊታቸው ጠቁሯል። ይሄኔ ባለቤታቸው እጃቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ከቤት ወጡ።

«አንተ፣ ቃልህን የሰጠኸው ለቆመ ሰው አይደል? እነዚህም ቆመዋል። ሰው ሰብስበህ የተናገርከውን ልትበላው ነው?»

ጋሽ እንድሪስ ከዘራቸውን መሬት ላይ ብዙ አሽከረከሩ። ከዚያ ደሴዎቹን «ተቀመጡ» አሏቸው። አልተቀመጡም።

«ሰጥቻለሁ አልኩ እኮ» ሲሏቸው ነው ዘፍ ያሉት። ለእኔም አንገታቸውን ሳይመልሱ «አንተም ተቀመጥ፤ የተቀደደ ሰው ቆሞ አይውልም» አሉኝ።

ዱአ ተደረገ፣ ተበላ። እኔ ጋቢውን አገልድሜ ጓዳ ተቀመጥኩ፤ የዘሀራ እናት ሱሪዬን ሰፉልኝ። ቤት ውስጥ የተገኘው ክር ቀይ ብቻ ነበር።

«ሥራህ ምንድነው ልጄ?» አሉኝ መርፌውን እያጠለቁ።

«ገጣሚ ነኝ።»

«ደግ። ሌላስ?»

ስንወጣ ጉም ወርዶ ሐይቁን ሸፍኖት፣ የጋሽ እንድሪስ ግቢ ብቻ ከጉሙ በላይ ቀርቶ ነበር። ጋሽ ይማም እስከ ደሴ ድረስ «ሁለተኛው ደሴት ያ ግቢ ነው» እያሉ እንዳሾፉብኝ ገባን።

«ሰባት ተራራ፣ ሁለት ደሴት» እስካሁን አልተጀመረም። ያን ቀን ሳስብ ግን ከእፍረቱ ደስታው ይበልጥብኛል። ግጥሜ የማንንም ልብ ሲያራራ አላየሁም፤ ሱሪዬ ግን አንድ ትዳር ላይ እጁ አለበት።

ለሰርጉም ጠርተውን ሄድን። ሌላ ሱሪ መልበስ እችል ነበር፤ ባለ ቀይ ክሩን ለበስኩ። ዘሀራ ከሙሽራው ጋር እንግዶቹን ሰላም እያለች እኔ ጋ ስትደርስ፣ ጎንበስ ብላ «ዛሬስ ደህና ነው?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳትና ማንም ሳይለምነኝ ተቀመጥኩ።