የአባቴ ሰዓት ሆድ ዕቃ

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ከአባቴ ጋር የቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ውስጥ ሽማግሌዎች ፊት ተቀምጬ ነበር። ይኸው እስከ አሁን ንዴቴ አልበረደልኝም... ብጽፈው ትንሽ ይወጣልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

ነገሩ የአባቴ ሰዓት ነው። ባትሪ የለውም፤ ጠዋት ጠዋት በእጅ የሚሞላ የድሮ ሰዓት ነው። አባቴ ወጣት መምህር ሆኖ ካምባ ሲመደብ ታላቅ ወንድሙ ከራሱ እጅ ፈትቶ አሰረለት። አጎቴ አሁን በሕይወት የለም። ያ ሁሉ ተማሪ ሲገባና ሲወጣ ደወል የሚደወለው በዚያ ሰዓት ነበር፤ አባቴ በየጠዋቱ ከሬዲዮ ጋር ያስተካክለዋል።

ባለፈው ሰሞን ቀጥ አለ። አባቴም «አርባ ምንጭ የሚሠራው አይጠፋም» ብሎ ላከልኝ። እኔ ደግሞ እዚሁ ከተማ ሲቀላ ሰፈር ሰዓት ለሚጠግነው ለወንድም ታደለ ወሰድኩለት። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነን፣ እሱ ኳየር ውስጥ ይዘምራል። ከሌላው አስበልጬ እሱን የመረጥኩት ለዚህ ነው... ሞኝ!

የኋላ ክዳኑን ከፈተና ዓይኑ ፈጠጠ።

«እህቴ፣ ይሄ ኦሪጅናል ነው! ነይ እዪ። አስመሳዩ ላይ ስሙ የሚጻፈው ፊቱ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ግን ማሽኑም ላይ ተቀርጿል። ጥርሶቹ የሚሽከረከሩባቸው ቀያዮቹ ድንጋዮች ይታዩሻል? መልኩንም ተመልከቺ፣ መዳብ ነው የሚመስለው።»

አባቴ የሰዓቱን ውስጥ አይቶ አያውቅም። ላሳየው ብዬ በስልኬ ቪዲዮ አነሳሁት። ወንድም ታደለ ራሱ በጣቱ እያመለከተ ነው ያስረዳኝ።

ተሠርቶ ሲሰጠኝ አመስግኜ፣ መርቄው ሁሉ፣ ሰዓቱን ወደ ካምባ ላክሁት። አባቴ ደወለ።

«ሰዓቱ ይሄዳል ልጄ። ግን የኔ አይደለም።»

«አባዬ፣ ቀፎውም ፊቱም ያው ነው እኮ!»

«ውጭው የኔ ነው። ውስጡ አይደለም።»

ይዞት እንዲመጣ ነገርኩት። መጣ። ሌላ ሰዓት ሠሪ ጋ ወስደን ክዳኑን አስከፈትነውና ከቪዲዮው ጋር ጎን ለጎን አየነው። ያ መዳብ የሚመስለው ማሽን የለም። ነጭ፣ ስም የሌለው፣ ቀላል ነገር ተቀምጦበታል። ፖሊስ ጋ ልሮጥ ስል አባቴ አልፈቀደም። «ወንድም ነው፤ መጀመሪያ ለሽማግሌ ይነገር» አለ። እኛ ጋ ደንቡ እንደዚያ ነው።

እናም እሁድ ቀረብን። ቪዲዮውን አሳየሁ። ወንድም ታደለን ላብ ላብ እንኳ አላለውም።

«ማሽኑ ያው ነው። በቤንዚን ስላጠብኩት ነው የነጣው።»

«ስሙስ? ስሙም ታጠበ?»

«ቆሻሻው ሲለቅ ጽሑፉም አብሮ ይለቃል፣ እህቴ።»

ብረት ላይ የተቀረጸ ስም እኮ ነው! ይባስ ብሎ አንዱ ሽማግሌ ራሳቸውን እየነቀነቁ «ቤንዚን እኮ ኃይለኛ ነው» አይሉም? ደሜ ፈላ። ተነስቼ ልጮህ ስል አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

ከዚያ ሰዓቱን ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ሽማግሌዎቹ ጠጋ እንዲሉ ጠየቃቸው። መሙያዋን በጥፍሩ ሳብ አደረጋት። ሰከንድ ቆጣሪዋ ቀጥ አለች።

«የኔ ሰዓት መሙያውን ስስበው ሰከንዷ አትቆምም ነበር። ከሬዲዮ ጋር ላስተካክል ስል እሷ ትቀጥላለች፤ ስንት ዘመን አስቸግራኛለች። ይቺ ግን ትቆማለች።»

ወንድም ታደለ ፈጠን ብሎ መለሰ።

«አባባ፣ እሱን እኮ አሻሽዬሎት ነው! ይሄኛው ማሽን ከድሮው ይልቅ...»

አለና አፉን ያዘ።

አሁን «ያው ነው» ሲለን የነበረው ሰውዬ!

ሰብሳቢው «ታዲያ የድሮው የት አለ?» ሲሉት አንገቱን ደፋ። የድሮ ሰዓት የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ መጥቶ ገዝቶ ወስዶታል አለ። የገዢው ስልክስ? የለውም። ስሙስ? አያውቀውም... የአጎቴ ማሽን ዛሬ በማን ቀፎ ውስጥ ገብቶ «ኦሪጅናል ነው» እንደሚባልለት ጌታ ይወቀው።

አባቴ መሙያዋን ወደ ቦታዋ መለሰና ሰዓቱን እጁ ላይ አሰረው። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አባቴን እንደዚያ ሆኖ ሳየው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ሰውዬ ከነመፍቻው ለጫሞ ሐይቅ አዞ ብሰጠው ደስ ባለኝ።

ሽማግሌዎቹ ግን መቋጨት ፈልገዋል። «እንግዲህ ወንድማችን ተሳስቷል፤ በይቅርታ እንዝጋው» አሉ። ተሳስቷል?! ሰው ሻዩ ላይ በስኳር ፈንታ ጨው ቢጨምር ተሳስቷል ይባላል። የሰው ማሽን ነቅሎ፣ ሌላ ፈልጎ፣ ለክቶ የገጠመ ሰው ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው?

አባቴ ይቅር አለው። ተቃቀፉ። ከዚያ ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

«አንቺስ ልጄ?»

«ማሽኑ ሲመጣ የኔም ይቅርታ ይመጣል።»

ፊታቸው ተኮሳተረ። አባቴም አፍሮብኝ መሬት መሬት ያይ ጀመር፤ ይሄ ከሁሉም በላይ አናደደኝ። የተዘረፈው እሱ፣ ያፈረው እሱ!

ሰብሳቢው «በሉ ቆመን እንጸልይ» አሉ። ቆምን። ወንድም ታደለ የአባቴን እጅ፣ ያንኑ ሰዓት ያሰረበትን እጅ፣ ግጥም አድርጎ ይዞ ዓይኑን ጨፈነ። ሁሉም ጨፈነ።

እኔ ግን አልጨፈንኩም... ቀፎው ገና አልተወሰደማ!