በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘችው ልጅ

ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ በቀበሌያችን አዳራሽ ቴአትር ነበር... እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ንዴቱ አልወጣልኝም።

ኪነት ቡድኑ ውስጥ የኔ ሥራ ሁለት ነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም የእጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ድርሰቱን እገለብጣለሁ። ቃል የጠፋው ተዋናይ ካለ ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ በሹክሹክታ አቀብላለሁ። ሰው ፊት መቆም አልችልም። አክስቴ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ገብታ ነው የምትፈልገኝ።

በድርቁ ምክንያት ከወሎ የተነሱ ሰፋሪዎች በካሚዮን እየተጫኑ ጅማ መግባት ሲጀምሩ፣ የቡድናችን መሪ ጋሽ ተፈራ ስንለማመድ የከረምነውን የሠርግ ድራማ ጣሉት። ሰው እንዲህ ሆኖ እየመጣ እኛ እስክስታ ልንመታ ነው ወይ ብለው ተቆጡ። ሰፋሪዎቹ ወደ ሰፈራ ጣቢያ እስኪወሰዱ ያረፉበት ትምህርት ቤት ግቢ ይዘውኝ ሄዱ። እሳቸው ይጠይቃሉ፣ እኔ እጽፋለሁ።

እትዬ ከድጃን ያገኘኋቸው እዚያ ነው። ብዙ አላወሩም። ልጃቸው ዘሀራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እዚያው ወሎ፣ መጠለያ ውስጥ ጠዋት ሞተች፣ ካሚዮኑ ረፋድ ላይ መጣ። ሳይቀብሯት ጫኗቸው። ከዚያ ወዲህ አላለቀሱም... የት ተቀምጠው፣ ከማን ጋር ያልቅሱ? ጋሽ ተፈራ ይህን ቴአትሩ ውስጥ እናስገባው ወይ ብለው ሲጠይቋቸው፣ የመለሱት እኔን እያዩ ነበር።

«አስገቡት። ግን ስሟን ጥሩልኝ። እዚህ አገር የሚያውቃት የለም... ሰው ይስማና እርሜን ላውጣ።»

«እሺ» አልኩ። ማንም እሺ በይ አላለኝም።

ሦስት ሳምንት ተለማመድን። እናትየዋን ሆና የምትጫወተው ፋጡማ ናት። እዚሁ ጅማ አጠገብ ያለችው የሰርቦ ልጅ ናት፤ ገበያ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንድ ቃል አፏ እስኪገባ ፍዳ ነው፤ ከገባ ደግሞ አይወጣም።

እሁድ ጠዋት ከአውራጃ አንድ ጓድ መጣ። «መጡ» ማለት ነበረብኝ... አልልም። ድርሰቱን ተቀብሎ ቀይ እስክሪብቶ አወጣ። ረሃብ የሚለውን ሁሉ ድርቅ አደረገው። ይሁን። ከዚያ ፋጡማ የምትናገረው ቦታ ደረሰና የእትዬ ከድጃን ቃል ከነልጃቸው ስም ሰረዘው። ከላዩ ላይ «ድርቅ ቢፈትነንም ለምለሙ ምድር በደስታ ተቀበለን» ብሎ ጽፎ ፈረመበት።

ጋሽ ተፈራ ሴትዮዋ ራሳቸው አዳራሽ ውስጥ እንደሚገኙ ሊያስረዱት ሞከሩ። እሷ ብቻ ናት እንዴ የሞተባት አለ። ከዚያ ሻይ እንዲመጣለት አዘዘ። እኔ አዲሱን መስመር ገለበጥኩ። ፋጡማ እስከ ከሰዓት ድረስ ስትደጋግመው ዋለች።

አዳራሹ ሞላ። ጓዱ ከፊት ተቀመጠ፣ ሰፋሪዎቹ ከኋላ ቆሙ። እትዬ ከድጃ ግድግዳ ተደግፈው በመጋረጃው ቀዳዳ ይታዩኛል። ስሟ ሊጠራ ነው ብለው ይጠብቃሉ። የነገራቸው የለም።

ፋጡማ እዚያች ቦታ ላይ ደረሰችና ቆመች። ጠፋባት። ወደ መጋረጃው ዞር ብላ በዓይኗ ለመነችኝ።

ጣቴ አዲሱ መስመር ላይ ነው። «ድርቅ ቢፈትነን» ብላት ይበቃታል። የተሰረዘውን ሹክ ልላት ደግሞ አልደፈርኩም፤ ፈሪ ነኝ። ግን ፋጡማን አውቃታለሁ። ካላቀበልኳት አፏ የት እንደሚሄድ አውቃለሁ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። ዝም አልኩ።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ጓዱ ሰዓቱን አየ... ፋጡማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጄ ዘሀራ ጠዋት ሞተች። አፈር ሳላለብሳት ጫኑኝ።»

ከኋላ የመጣው ድምፅ የቴአትር አልነበረም። እትዬ ከድጃ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ። አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ተቀበሏቸው። ከዚያ ወንበር ይዘው የነበሩት የኛ አገር እናቶች አንድ በአንድ ተነስተው ወደ ኋላ ሄዱ። አንዷ በኦሮምኛ፣ አንዷ በአማርኛ፣ አይተዋት የማያውቋትን ዘሀራን ስሟን እየጠሩ አለቀሱላት። ጓዱ ተነስቶ ሙዚቃ ይግባ ብሎ አዘዘ። የሚጫወት አልነበረም፤ አኮርዲዮኑን የያዘውም ያለቅሳል።

ፋጡማ ከመድረክ ስትወርድ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር።

«ማሎ፣ በፈጠረሽ፣ ምነው ዝም አልሽኝ? ልታስበይኝ ነው?»

እሷን ምን ውስጥ እንደከተትኳት ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ወዲያው ጓዱ መጣና አቀባይዋ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ተፈራ ፊቴ ቆሙ።

«ጓድ፣ ይቺ ልጅ አፍ የላትም። ብታቀብልም አይሰማም። እዚህ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ሳቀ። ለሚቀጥለው አፍ ያላት ፈልጉ ብሎ ወጣ። ፋጡማም በዚሁ ተረፈች።

እትዬ ከድጃን በሩ ላይ ደረስኩባቸው። ዓይናቸው አብጧል። እጄን ያዙኝ።

«አብሽሪ የኔ ልጅ። አሁን ውሃም ይወርድልኛል።»

በማግስቱ ስሄድ ግቢው ባዶ ነበር። ወዴት እንደወሰዷቸው የሚነግረኝ አጣሁ።

አሁን በኔ ቦታ ድምጿ ጥርት ያለ ልጅ ተቀምጣለች። አዲሱን መስመር አንዲት ቃል ሳታጎድል ታቀብላለች አሉ። እኔን ደግሞ ሰው ሁሉ ያዝንልኛል... ምስኪን፣ አፍ ስለሌላት ነው የተባረረችው ይላል።

የሚፈልጉት እናት ልጇን እንዳታለቅስ የሚያደርግ አፍ ከሆነ፣ እኔ ባይኖረኝ ይሻለኛል።