ወደ ቤሌ ሰማይ

ባሌ ለአንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ነበር። ሰውየው አየር ውስጥ ምን ያህል ውኃ እንዳለ በፀሐይ ብርሃን ይለካል ቢባል፣ የሶዶ ሰው «ውኃ ከፈለገ ምንጭ መች ጠፋ!» ብሎ ሳቀበት። እኔም ስቄ ነበር፤ ባሌ የነሐሱን ቱቦ ዓይኔ ላይ እስኪደቅንልኝ ድረስ። ውስጡ ብርሃኑን በየቀለሙ የሚበትን መስታወት አለ። ሰማዩን ሳይበት ቀስተ ደመና ተዘርግቶ፣ ከቢጫው አጠገብ በቀዩ በኩል ጥቁር መስመር ቆሟል። «ጥቁሩ የአየሩ እንፋሎት ከብርሃኑ ላይ የበላው ነው። ከወፈረ ዝናብ ቀርቧል» አለኝ።

በበጋው መጨረሻ ከፈረንጁ ጋር በቤሌ በኩል ኦሞን ሊሻገሩ ሆነ። አሮጌውን ቱቦ ለእኔ ተወልኝ። «በየጠዋቱ ወደ ቤሌ ዝቅ አድርገሽ፣ ከምድሩ ጫፍ በላይ እዪ። ወንዙ ሳይሞላ እመለሳለሁ። ፀሐይዋን ራሷን ግን እንዳታዪ፤ ዓይንሽን እፈልገዋለሁ» ብሎ ሳቀ። ወይ ያ ሳቅ፣ እንዴት ይናፍቀኛል!

መስመሩ ቀጭን በሆነ ቀን ደስ ብሎኝ እውላለሁ። ጎረቤቶቼ ግን የጎዳሬው ማሳ ተሰነጣጥቆባቸው ሰማይ ሰማይ ያያሉ። እነሱ ዝናብ ሲለምኑ እኔ በሆዴ «ትንሽ ቆይ» እላለሁ።

አንድ ጠዋት መስመሩን ወፍሮ አገኘሁት። ክው አልኩ። ቱቦውን ቀና ሳደርገው ቀጠነልኝ፤ ሽቅብ ወደ አናቴ ስመልሰው ጭራሽ ክር አከለ። ምክንያቱን ባሌ ነግሮኛል፤ ወደ ላይ ሲታይ ብርሃኑ የሚያቋርጠው እርጥብ አየር ትንሽ ነው። እያወቅኩም ለጥቂት ቀናት ሽቅብ ብቻ አየሁ። ምን ላድርግ፣ ናፍቆት ነዋ!

በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ጎረቤቴ መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ያ ቱቦሽ ምን ይላል? ያለችኝን የበቆሎ ዘር ልዝራት ወይስ ለልጆቹ ልቀቅላት?»

እንዴት አድርጌ ልዋሻቸው? ቱቦውን ወደ ቤሌ ዝቅ አደረግኩ። ጥቁሩ ከመቼውም ይልቅ ወፍሯል።

«ይዝሩ፣ እማማ» አልኳቸው። ባሌ ከኦሞ ማዶ መሆኑ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ እጄን ጭብጥ አድርገው ሄዱ።

ዝናቡ ጣለ፤ ኦሞም ሞላ። እማማ የመጀመሪያውን እሸት ይዘውልኝ መጡ። አንዱን ጠብሼ በላሁ፣ አንዱን ለእሱ ብዬ ምሰሶው ላይ ሰቀልኩ። ወንዙ ሲጎድል ጣልያን ገባና መንገዱ ተዘጋ። ከዚያ ማዶ ሰውም ወሬም ሳይመጣ እሸቱ እንደተሰቀለ ደረቀ።

ዛሬም የበልጉ ዝናብ ሲጥል ሰዉ «እሰይ!» ይላል። እኔ «ምነው ትንሽ በቆየህ» እለዋለሁ።